ማልቀስ እምነት ማጣት ነው?

ጥያቄ፦ መምህር፣ የምኖረው ጎንደር አዘዞ ነው። ያሳደገችኝ አያቴ ካረፈች ወራት አልፈዋል። አርባዋም ሰማንያዋም ወጥቷል። እኔ ግን እንባዬ አልቆም አለኝ። ጎረቤቶች «አታልቅሺ፣ እግዚአብሔርን ማማረር ነው፤ የእሷንም ነፍስ ታስጨንቂያለሽ» ይሉኛል። ቅዳሴ ላይ እንባ ስለሚቀድመኝ ቤተ ክርስቲያን መሄድም ትቻለሁ። በድያለሁ ማለት ነው?

መልስ፦ እኅቴ፣ እግዚአብሔር ያጥናሽ። የአያትሽን ነፍስ ከቅዱሳን ጋር ያሳርፍልን።

ስለ ፍትሐቱና ስለ ተዝካሩ አልነግርሽም፤ አድርሰሻል። ጭንቅሽ ሌላ ነው። ይህን ጭንቅ በየለቅሶ ቤቱ አገኘዋለሁ። ድንኳኑ እስኪነሣ ድረስ ኀዘንተኛው እንዲያለቅስ እንተወዋለን። ከዚያ በኋላ ዓይኑ እርጥብ ከሆነ «ክርስቲያን አይደለህም እንዴ?» እንለዋለን።

እንዲህ የሚሉ ሰዎች ብዙ ጊዜ ኢዮብን ይጠቅሳሉ። «እግዚአብሔር ሰጠ፣ እግዚአብሔርም ነሣ» የሚለው ምዕራፍ 1 ቁጥር 21 ነው። ቁጥር 20ንስ ማን ያነብባል? ኢዮብ መጀመሪያ ልብሱን ቀደደ፣ ራሱን ተላጨ፣ በምድር ላይ ተደፍቶ ሰገደ። ኀዘኑና ስግደቱ አንድ ቁጥር ላይ ናቸው። ቀጥሎም መጽሐፉ በዚህ ሁሉ ኢዮብ አልበደለም ይላል።

ሌሎች ደግሞ «ጌታ ራሱ የናይንን መበለት አታልቅሺ ብሏታል» ይላሉ (ሉቃ. 7፥13)። እውነት ነው፣ ብሏታል። ግን ወዲያው ቃሬዛውን ነካ፤ ልጇን አስነሥቶ ሰጣት። እንዲህ ለማለት ሥልጣኑ ያለው እርሱ ነው። እኔም ጎረቤትሽም ሙት አናስነሣም። ለእኛ የተሰጠን ትእዛዝ «ከሚያለቅሱ ጋር አልቅሱ» የሚል ነው (ሮሜ 12፥15)።

አልዓዛርንም አስቢው። ጌታ ወደ መቃብሩ የመጣው ሊያስነሣው ነው። ጥቂት ቆይቶ እንደሚነሣ ያውቃል። እያወቀ አለቀሰ። ትንሣኤን ማመን እንባን የሚከለክል ቢሆን ኖሮ «ትንሣኤና ሕይወት እኔ ነኝ» ያለው ባላለቀሰ ነበር። ቅዱስ ጳውሎስም ተስፋ እንደሌላቸው ሰዎች እንዳናዝን ነው የጻፈልን (1 ተሰ. 4፥13)። ተስፋ የሌለው «በቃ፣ አለቀ» ብሎ ያለቅሳል። አንቺ «ናፈቅሽኝ» ብለሽ ታለቅሻለሽ። ሁለቱን እግዚአብሔር ይለያቸዋል።

«ነፍሷን ታስጨንቂያለሽ» የሚለው ንግግር ግን ያሳዝነኛል። ያዘነ ሰው ላይ ፍርሃት መጨመር ነው። መጽሐፈ ጥበብ የጻድቃን ነፍስ በእግዚአብሔር እጅ ናት፣ ሥቃይም አይነካቸውም ይላል (3፥1)። የልጅ ልጇ እንባ ከዚያ እጅ አያወጣትም።

ገደብ የለውም ማለቴ አይደለም። ፊት መንጨት፣ ደረት መድቃት፣ ራስን መሬት ላይ መጣል ክልክል ነው። ሲራክ ለሞተ ሰው አልቅስ ካለ በኋላ፣ ኀዘን ራሱ ሰውን እንደሚገድል ያስጠነቅቃል (ምዕ. 38)። እህል አልወርድ፣ እንቅልፍ እንቢ ካለሽ ለንስሐ አባትሽ ንገሪ፤ ሐኪም ጋም ሂጂ። ይህም ኃጢአት አይደለም።

አሁን ጠንከር ብዬ ልናገርሽ። ቤተ ክርስቲያን መቅረትሽ ልክ አይደለም። በቅዳሴ ስለ አንቀላፉት ይጸለያል። እኛም እነሱም በአንድ ጸሎት የምንገናኘው እዚያ ነው። አንቺ ግን አያትሽ ከምትታሰብበት ቦታ ሸሽተሽ፣ ቤት ዘግተሽ ብቻሽን ታለቅሻለሽ። እንዲህ ያለ ለቅሶ ነው የሚከብደው። እዚያው ጎንደር ያለው ደብረ ብርሃን ሥላሴ ቤተ ክርስቲያን ገብተሽ ታውቂ ይሆናል። ጣራው ሙሉ የመላእክት ፊት ነው። እሱን ቀና ብሎ ያየ ሰው ብቻዬን ቆሜያለሁ አይልም።

ስለዚህ በዚህ እሑድ ሂጂ። ነጠላሽን አጣፍተሽ ከእናቶች መካከል ቁሚ። እንባ ከመጣ ይምጣ፣ አትፈሪ። የአያትሽን ስመ ክርስትና ለካህኑ ስጪ። ስትወጪ በደጁ ለተቀመጡት ነዳያን በስሟ የቻልሽውን ዘክሪ።

«አታልቅሺ» ያሏት ጎረቤቶችም ይህን ካነበባችሁ፣ ቡና አፍልታችሁ ጥሯት። ስለ አያቷ ጠይቋት፣ ታውራላችሁ።