ከውጭ ስለመጣው የክብደት መቀነሻ ዱቄት

እህቴ፣ ዘመድሽ ከውጭ በሻንጣ ያመጣልሽን «ሬታትሩታይድ» የተባለ ዱቄት በጥብጠሽ ብትወጊው ምን እንደሚሆን ጠይቀሻል። ስታዲየም አካባቢ ባለ ፋርማሲ መድኃኒት ሳድል ዓመታት አልፈውኛል፤ ይህ ጥያቄ አሁን አሁን በርክቷል። አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው «የኢንሱሊን ስሪንጅ አላችሁ?» ተብሎ ነው።

መድኃኒቱ ወሬ ብቻ አይደለም። ኢላይ ሊሊ የተባለው የመድኃኒት ኩባንያ የሚሞክረው ፔፕታይድ (አጭር የፕሮቲን ሰንሰለት) ሲሆን፣ ጂኤልፒ-1፣ ጂአይፒና ግሉካጎን የተባሉትን ሦስት ሆርሞኖች ሥራ ይሠራል። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2023 በታተመው የሁለተኛ ምዕራፍ ጥናት፣ በየሳምንቱ 12 ሚሊግራም የተወጉት በ48 ሳምንት በአማካይ 24 በመቶ ያህል ክብደት ቀንሰዋል። ይህ ውጤት ግን የጥናቱ መድኃኒት ነው እንጂ የአንቺ ብልቃጥ አይደለም። «ለምርምር ብቻ» የሚል ከተጻፈበት ደግሞ ሻጩ ራሱ «ለሰው አልሸጥኩም» ብሎ እጁን ታጥቧል።

ዱቄቱ ንጹሕ ነው እንበል። እኔን ከሁሉ በላይ የሚያስፈራኝ ልኩ ነው። ብልቃጡ 10 ሚሊግራም ይይዛል እንበል፤ በ2 ሚሊሊትር ከበጠበጥሽው፣ 1 ሚሊሊትር በ100 መስመር በተከፈለበት የኢንሱሊን ስሪንጅ ላይ 40ኛው መስመር 2 ሚሊግራም ይሰጥሻል። በ1 ሚሊሊትር ከሆነ ያው መስመር 4 ሚሊግራም ነው። በጥናቱ በ4 የጀመሩት በ2 ከጀመሩት ይልቅ በማቅለሽለሽና በትውከት ተቸግረዋል፤ እነርሱም ሐኪም እየተከታተላቸው ነበር። በታሸገ የመጠጥ ውኃ ልበጥብጠው ወይ ያለችኝም አለች! መብራት ጠፍቶ ፍሪጁ ሲሞቅ የተበጠበጠው ምን እንደሚሆን የሚጠይቅ ግን አላጋጠመኝም።

በጾም ወቅት ከሆነ ይበልጥ ተጠንቀቂ። ረሃቡ ሲጠፋ ሰው ውኃም ይረሳል፤ ትውከት ከተጨመረበት ኩላሊት ይጎዳል። ክብደቱም ከስብ ብቻ አይቀንስም፣ ጡንቻም ይሄዳል።

መቀነስ ከፈለግሽ የውስጥ ደዌ ወይም የሆርሞን ሐኪም ዘንድ ሂጂ። ሴማግሉታይድና ቲርዜፓታይድ የተባሉት የክብደት መቀነሻ መድኃኒቶች በብዙ አገሮች የተፈቀዱ ናቸው፤ ለአንቺ ይሆኑ እንደሆነ እርሱ ይወስን። በቤተሰብ የታይሮይድ ካንሰር ወይም በራስሽ የቆሽት መቆጣት ታሪክ ካለ፣ ወይም ለመፀነስ ካሰብሽ፣ ሳትጠየቂ ንገሪው።

ቀድመሽ ተወግተሽ ከሆነና ወደ ጀርባ የሚዘልቅ ብርቱ የሆድ ሕመም ወይም የማያቋርጥ ትውከት ከያዘሽ፣ ሌሊትም ቢሆን ድንገተኛ ክፍል ድረሺ። ብልቃጡንም ይዘሽ ሂጂ፤ ሐኪሙ መጀመሪያ የሚጠይቅሽ ምን እንደወሰድሽ ነው።