ኖታው ልክ ሆኖ ስሜቱ ሲጠፋ፦ የአንባቢያን የሙዚቃ ጥያቄዎችና መልሶች

ጥያቄ፦ ቤት ውስጥ በኪቦርድ እለማመዳለሁ። ትዝታ ሜጀር የተባለውን ባለ አምስት ኖታ ቅኝት ከዶ ተነሥቼ ስጫወት አምስቱን ኖታዎች አልስትም። ነገር ግን የልጆች መዝሙር ይመስላል እንጂ ሆድ አያባባም። ምን ጎደለኝ? (ከአዳማ)

መልስ፦ መጀመሪያ ግራ እጅዎን ይፈትሹ፤ ትዝታ በኪቦርድ ላይ ብዙውን ጊዜ የሚበላሸው እዚያ ነው። ዜማው ወደ ማረፊያው ሲቃረብ በልማድ የሶል ሰባተኛ ኮርድ ከያዙ ሶል፣ ቲ፣ ሬ እና ፋ አብረው ይሰማሉ። የትዝታ ሜጀር ኖታዎች ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል እና ላ ስለሆኑ ቲና ፋ ከቅኝቱ ውጭ ናቸው። ቲ ደግሞ ከዶ በግማሽ ድምፅ ብቻ ስለሚርቅ ዜማውን እየገፋ ወደ ቤቱ፣ ማለትም ወደ ማረፊያ ኖታው ያስገባዋል። ትዝታ ግን ሳይቸኩል፣ ከሬ ወይም ከላ ተነሥቶ ነው ዶ ላይ የሚያርፈው። ስለዚህ ኮርዱን ይተዉትና ዝቅ ባለው ኦክታቭ ዶንና ሶልን ብቻ ይያዙ። መለወጥ ሲያስፈልግ ላንና ሚን ይያዙ። ይህ ብቻውን ግማሹን ችግር ይፈታል።

ቀጥሎ ቀኝ እጅ። ዘፋኝም ሆነ ማሲንቆ ተጫዋች ሚን ሁልጊዜ በቀጥታ አይመታትም፤ ከሬ ተንሸራቶ ይደርስባታል፣ ከደረሰም በኋላ ድምፁን ያርገበግባል። የፒች ቤንዱን (ኖታን ወደ ላይና ወደ ታች የሚያንሸራትተውን መንኰራኵር ወይም ዘንግ) ስፋት 2 ሰሚቶን፣ ማለትም ሁለት ግማሽ ድምፅ ላይ ያድርጉት። ሬን ይምቱና ቀስ ብለው ወደ ሚ ይግፉት። ስፋቱ 12 ላይ ከተቀመጠ ትንሽ ሲነካ ኖታውን አልፎ ይሄዳል። ለዚህ ልምምድ የፒያኖ ድምፅ አይሆንም፤ ቶሎ ስለሚሞት መንሸራተቱ አይሰማም። የዋሽንት ወይም የቫዮሊን ድምፅ ይምረጡ። ድምፅን የሚያስረዝመውን የሰስቴይን ፔዳልም ይልቀቁ፤ አለበለዚያ ሬና ሚ ተደራርበው ይደፈርሳሉ።

ሜትሮኖሙን (የምት መቁጠሪያውን) በደቂቃ 60 ምት አካባቢ ያድርጉና ሐረጉ ዶ ላይ ካረፈ በኋላ አንድ ሙሉ ትንፋሽ ዝም ይበሉ። ጀማሪ ዝምታን ይፈራና በኖታ ይሞላዋል፤ የትዝታ ናፍቆት ግን አብዛኛው ያለው እዚያ ክፍተት ውስጥ ነው።

ኪቦርድዎ እያንዳንዱን ኖታ ለብቻው መቃኘት የሚያስችል ከሆነ ደግሞ ሚን በ14 ሴንት ዝቅ ያድርጉት (አንድ ሰሚቶን 100 ሴንት ነው)። የኪቦርዱ ሚ ከዶ ጋር ፍጹም ከሚስማማው ሚ በዚያን ያህል ከፍ ያለ ነው። ዶንና ሚን አብረው ሲይዙ ይሰማ የነበረው መርገብገብ ሲረጋ ልዩነቱ ወዲያው ይታወቅዎታል።

ጥያቄ፦ አምባሰልና ትዝታ ማይነር አንድ ዓይነት ኖታ አላቸው ሲባል ሰማሁ። ታዲያ ስሜታቸው ለምን ይለያያል? (ከዋሽንግተን ዲሲ)

መልስ፦ የሰሙት እውነት ነው፤ መነሻቸው ግን የተለያየ ነው። ከፋ የሚነሣ ትዝታ ማይነር ፋ፣ ሶል፣ ላ ፍላት፣ ዶ እና ሬ ፍላት ነው (ፍላት ማለት በግማሽ ድምፅ ዝቅ ያለ ነው)። ከዶ የሚነሣ አምባሰል ደግሞ ዶ፣ ሬ ፍላት፣ ፋ፣ ሶል እና ላ ፍላት። እነዚያው አምስቱ ናቸው።

በጆሮዎ ያረጋግጡት። በግራ እጅዎ ዝቅተኛውን ፋ ይዘው በቀኝዎ አምስቱን ኖታዎች እንደፈለጉ ይጫወቱና ፋ ላይ ይረፉ፤ ትዝታ ነው። አሁን ግራ እጅዎን ወደ ዝቅተኛው ዶ ያዛውሩና ዶ ላይ ይረፉ። ሬ ፍላት ከማረፊያው በግማሽ ድምፅ ብቻ ከፍ ብላ ስለምትቀመጥ ዶ ላይ በክብደት ትወድቃለች። ትዝታው ላይ ግን ወደ ማረፊያው የሚወርዱት ከሶል፣ በሙሉ ድምፅ ነው፤ ስለዚህ አወራረዱ ይለሰልሳል። ስሜቱን የሚወስነው የኖታዎቹ ዝርዝር ሳይሆን ቤቱ የትኛው እንደሆነና ወደ ቤቱ በየት በኩል እንደሚገባ ነው። ባቲ ማይነር ከዶ እና ትዝታ ሜጀር ከሚ ፍላት ሲነሡም እንዲሁ ናቸው፤ ይሞክሯቸው።

ጥያቄ፦ በኮምፒውተር የሠራሁት ችክችካ (የጭፈራ ምት) ደረቅ ሆነብኝ፤ ማንንም አያስነሣም።

መልስ፦ በመጀመሪያ ፕሮጀክቱ 6/8፣ ማለትም በአንድ ዙር ስድስት ስምንተኛ ኖታ ያለው መሆኑን ያረጋግጡ። 4/4 ላይ በቀጥተኛ አሥራ ስድስተኛ ግሪድ (የምት መስመር) ኳንታይዝ ካደረጉት፣ ማለትም ምቶቹን ወደ መስመሮቹ ከሳቡ፣ ሦስት ሦስት ሆኖ የሚከፈለው ምት ተጎትቶ ይጣመማል። ከዚያ የአመታቱን ኃይል ያለያዩ። ይህን ኃይል የሚለካው ቬሎሲቲ እስከ 127 ይደርሳል፤ ሁሉም 100 ከሆኑ ድምፁ ማሽን ነው። ከስድስቱ አንደኛውን ምት 110፣ አራተኛውን 95፣ የቀሩትን ከ50 እስከ 70 አድርገው ይጀምሩ። አንደኛውን ከግሪዱ አያንቀሳቅሱት፤ ጭብጨባውን ግን ከ10 እስከ 20 ሚሊ ሰከንድ ያዘግዩት። በደቂቃ 120 ዋና ምት (እያንዳንዱ ሦስት ስምንተኛ ኖታ የሚይዝ) ሲሆን አንዱ ስምንተኛ ኖታ 167 ሚሊ ሰከንድ ያህል ነው፤ ስለዚህ መዘግየቱ ከ40 ካለፈ ስሕተት ይመስላል።

ጥያቄ፦ የበገና ቅጂዬ ውስጥ የሚነዝር ድምፅ አለ። እንዴት ላጥፋው?

መልስ፦ እባክዎ አያጥፉት፤ የበገና ግርማ እርሱ ነው። ድምፁ የሚመጣው ከእንዚራው፣ ማለትም አውታሩ በርኩማው (የአውታሮቹ መደገፊያ ድልድይ) ላይ ከሚያርፍበት ሥር ከሚገባው ትንሽ ቁራጭ ቆዳ ነው። ወፍራሙ አውታር ብቻውን ድፍን ያለ ድምፅ ይሰጣል፤ ሲነዝር ግን ከፍ ያሉ ድምፆች ይጨመሩበትና ለስላሳውን ዜማ እየተከተለ ረዘም ብሎ ይቆያል። የስልክ መቅጃዎች ‹‹ድምፅ ማጣሪያ›› ይህን ንዝረት እንደ ጫጫታ ቆጥሮ ስለሚቆርጠው ማጣሪያውን ያጥፉት፤ ማይክሮፎኑንም ከገበቴው (ከድምፅ ሣጥኑ) ከ30 እስከ 50 ሴንቲ ሜትር ያርቁት። ከአሥሩ አውታሮች አንዱ ብቻ ከጮኸ ወይም ከታፈነ እንዚራውን በጣም በትንሹ ወደ ፊትና ወደ ኋላ እያንቀሳቀሱ ይሞክሩ፤ ብዙ ከገባ አውታሩን ያፍነዋል፣ ከራቀ ንዝረቱ ይጠፋል። ሁሉም በእኩል ሲነዝሩ መቅዳት ይጀምሩ።