ጥያቄና መልስ፦ ወደ ውጭ ሄደው የሚማሩ ተማሪዎችን ስናነጻጽር

ጠያቂዎቹ በሐዋሳ የሚኖሩ መምህራንና ተመራቂዎች ሲሆኑ፣ መላሹ የትምህርት ስታቲስቲክስ የሚያስተምሩ መምህር ናቸው። ጠያቂዎቹ የተጠሩት ባሉበት ሰፈር ወይም ግቢ ስም ነው።

ከታቦር፦ መምህር፣ ብዙ ተማሪ ወደ ውጭ የሚልከው የትኛው የዓለም ክፍል ነው?

መልስ፦ በብዛት እስያ ነው፤ ቀዳሚዎቹ ላኪዎች ቻይናና ህንድ ናቸው። ይሁን እንጂ ብዛት ብቻውን አያነጻጽርም። ውጭ የሚማሩትን ለአገሩ የከፍተኛ ትምህርት ተማሪዎች ቁጥር ማካፈል ያስፈልጋል፤ ስለዚህ ማንኛውንም አኃዝ ከመቀበላችሁ በፊት አካፋዩ ምን እንደሆነ ጠይቁ። በዚህ ምጣኔ ሲለካ ከሰሃራ በታች ያለው አፍሪካ የዓለምን አማካይ በእጥፍ ገደማ ሲበልጥ፣ ሰሜን አሜሪካ ወደ ታች ይወርዳል። የአፍሪካው ከፍ የማለቱ ዋና ምክንያት በአገር ውስጥ ያለው የመማሪያ ቦታ ማነስ ነው፤ የከፍተኛ ትምህርት ጥቅል ተሳትፎ (የተመዘገቡት ሁሉ ለደረጃው ዕድሜ ላይ ላለው ሕዝብ ቁጥር ሲካፈሉ) በዓለም ደረጃ 40 በመቶ ገደማ ሲሆን፣ በእኛው ከሰሃራ በታች ባለው አፍሪካ ግን ወደ 9 በመቶ ይጠጋል። ድህነት ብቻ ነው እንዳትሉ ሉክሰምበርግን ተመልከቱ፤ ዩኒቨርሲቲዋን ያቋቋመችው እ.ኤ.አ. በ2003 በመሆኑ፣ ይህች ባለጸጋ አገር ተማሪዎቿን ለረጅም ጊዜ ወደ ጎረቤቶቿ ስትልክ ኖራለች።

ከአቶቴ፦ ኢትዮጵያስ?

መልስ፦ ከአፍሪካ አማካይ በታች ናት። በኢትዮጵያ አቆጣጠር በ1980ዎቹ አጋማሽ የነበሩን ዩኒቨርሲቲዎች የአዲስ አበባና የዓለማያ (የዛሬው ሐረማያ) ብቻ ነበሩ፤ ዛሬ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ብቻ ከ40 በላይ ናቸው። አካፋዩ እንዲህ ሲያብጥ፣ የሚሄደው ሰው ባይቀንስም ምጣኔው ዝቅ ይላል።

ከፒያሳ፦ ምጣኔው ዝቅ ያለው ኤምባሲዎች ቪዛ ስለሚከለክሉ ነው እንጂ!

ከአሞራ ገደል፦ ወንድሜ፣ ቪዛው ኋላ ነው። የባንክ ማስረጃ ማቅረብ የሚችለው ስንቱ ነው?

ከፒያሳ፦ ሙሉ ስኮላርሺፕ አግኝቶ የተከለከለ የለም ልትል ነው?

መልስ፦ የቪዛውን ክርክር ለሌላ ቀን አቆዩልኝ፤ የተያዘው ጉዳይ ቆጠራ ነው።

ከመናኸሪያ፦ በ2022/23 ከ280 ሺህ በላይ አሜሪካውያን ውጭ ተምረዋል ይባላል። ታዲያ ሰሜን አሜሪካ እንዴት ወደ ታች ወረደ?

መልስ፦ ጥሩ ጥያቄ ነው። እነዚያ በአብዛኛው ለአንድ ክረምት ወይም ለአንድ ሴሚስተር ሄደው፣ ውጤታቸው አገራቸው ባለው ኮሌጅ የሚያዝላቸው ናቸው። ዩኔስኮ ግን የአጭር ጊዜ ልውውጥን ሳይጨምር ውጭ አገር በመደበኛነት የተመዘገበውን ይቆጥራል። እ.ኤ.አ. በ1987 በተጀመረው የአውሮፓ የተማሪዎች ልውውጥ ፕሮግራም፣ በኢራስመስ፣ የሚንቀሳቀሱ አውሮፓውያንም ብዙዎቹ ቆይታቸው አጭር ነው። ሁለቱን ቆጠራዎች በአንድ ሠንጠረዥ ያስቀመጠ ሰው ምንም አላነጻጸረም።

ከዳቶ፦ ባጭሩ የትኛው ይበልጣል?

መልስ፦ በምን? ከላይ ተመልሷል፤ አካፋዩን ይመልከቱ።

ከታቦር፦ ከሲዳማና ከኦሮሚያ ክልሎችስ?

መልስ፦ ዩኔስኮ የሚመዘግበው በአገር እንጂ በክልል አይደለም።

ከጤና ሳይንስ ግቢ፦ ከበርገን ዩኒቨርሲቲ ጋር በሚደረገው ትብብር የሦስተኛ ዲግሪ የሚማር ባልደረባችን ይቆጠራል?

መልስ፦ ዲግሪውን የሚሰጠው በርገን ሆኖ እዚያ በመደበኛነት ከተመዘገበ፣ የኖርዌይ መዝገብ ከኢትዮጵያ የመጣ ተማሪ አድርጎ ሊይዘው ይችላል። ምዝገባውም ዲግሪውም የሐዋሳ ሆኖ ለጥቂት ወራት ላቦራቶሪና ቤተ መጻሕፍት ለመጠቀም ብቻ የሚመላለስ ከሆነ ግን፣ በረዶው ላይ ስንት ጊዜ ቢንሸራተት አይቆጠርም።