መልስ፦ የባሕር ዛፍ ዘይት ቤት ውስጥ ስለ ማውጣት

የነጭ ባሕር ዛፍ ቅጠል ለሰዓታት ቀቅለህ ከውሃው ላይ ዘይት እንዳጣህ ጽፈሃል። ዘይቱማ ነበረ፤ ከእንፋሎቱ ጋር ተንኖ ሄደ እንጂ። ቤቱን ያወደው ሽታ ራሱ ዘይቱ ነው። እንፋሎቱን ይዞ ማቀዝቀዝ ያስፈልጋል፤ አረቄ ሲወጣ አይተህ ከሆነ ሥራው ያው ነው።

ቅጠሉን ውሃው እንዳይነካው ድስቱ ውስጥ በወንፊት ላይ አስቀምጠው። ከክዳኑ የሚወጣውን የመዳብ ቱቦ በቀዝቃዛ ውሃ ባልዲ ውስጥ አሳልፈህ ጫፉን ጠርሙስ ውስጥ አስገባ። የፕላስቲክ ቱቦ አልመክርህም፤ ዘይቱ ያበላሸዋል። ባልዲው በሞቀ ቁጥር ውሃውን ቀይር፤ ብዙ ሰው የሚሰንፈው እዚህ ላይ ነው። ጠብታው ትኩስ ሆኖ ከወጣ ዘይቱ እያመለጠህ ነው። ጠርሙሱን ሳትነካው ለጥቂት ሰዓታት ብትተወው ዘይቱ ከላይ ይንሳፈፋል፤ በመርፌ መስጫ ሲሪንጅ ቀስ ብለህ ቅዳው። ከአንድ ኪሎ እርጥብ ቅጠል 10 ሚሊ ሊትር ካገኘህ ደስ ይበልህ።

አደራህን፣ ቱቦው በቅጠል እንዳይደፈን፤ የታፈነ እንፋሎት ድስቱን ያፈነዳዋል። ዘይቱ በእሳት በቀላሉ ስለሚያያዝ ጠርሙሱን ከምድጃው አርቀው። አይጠጣም፤ ሕፃናት ከማይደርሱበት ቦታ አስቀምጠው።