ለሊቅ ደብዳቤ ከመጻፋችሁ በፊት

ልጆቼ፣

ከአራት ኪሎ እስከ ስድስት ኪሎ ስትመላለሱ፣ ወመዘክር ወይም የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ንባብ ክፍል ገብታችሁ ስለ አክሱም ጥንታዊ ሃይማኖት ስታነቡ፣ መጽሐፉ የማይመልሰው ጥያቄ ይመጣባችኋል። ያን ጊዜ ለሚያውቅ ሰው መጻፍ ተገቢ ነው። አጻጻፉ ግን ይታሰብበት።

«ኢዛና መቼ ክርስቲያን ሆነ?» የሚል ደብዳቤ ብዙ ጊዜ መልስ አያገኝም። ሊቁ ኮርቶ አይደለም፤ መልሱ አንድ መጽሐፍ ይሞላል፣ ጠያቂው ምን እንዳነበበም አይታወቅም። ጥያቄያችሁ አንድ ይሁን፣ ከአንድ ጽሑፍም ይነሣ። ለምሳሌ በግዕዝ፣ በሳባ ፊደልና በግሪክ የተቀረጸው የኢዛና ጽሑፍ ንጉሡን የማሕረም (ከክርስትና በፊት የነበረ የአክሱም አምላክ) ልጅ ይለዋል፤ ግሪኩ በማሕረም ፈንታ አሬስን፣ የግሪኮችን የጦርነት አምላክ፣ ያስገባል። የኖባን ዘመቻ የሚተርከው የግዕዝ ጽሑፍ «እግዚአ ሰማይ» ይላል እንጂ የክርስቶስን ስም አያነሣም። በ1969 እ.ኤ.አ. የተገኘው የግሪክ ጽሑፍ ደግሞ አብን፣ ወልድንና መንፈስ ቅዱስን ይጠራል። «ይህ ልዩነት የመጣው ከጊዜው ነው ወይስ ከአንባቢው ቋንቋ?» ብትሉ፣ ሊቁ የሚጨብጠው ነገር አገኘ ማለት ነው።

ምንጮቻችሁን አትቀላቅሉ። ፍሬምናጦስን (አባ ሰላማን) የሚተርከው የቤተ ክርስቲያን ታሪክ ጸሐፊው ሩፊኖስ የአክሱሙን ንጉሥ በስም አይጠራም። የኢዛና ስም የሚገኘው ከድንጋዩ፣ ከገንዘቡና የሮሙ ንጉሠ ነገሥት ቆንስታንቲዮስ ለኢዛናና ለወንድሙ ለሳይዛና ከጻፈው ደብዳቤ ነው፤ ደብዳቤውን ያቆየልን የእስክንድርያው ሊቀ ጳጳስ አትናቴዎስ ነው። ነገሥታቱን አብርሃና አጽብሓ የሚለው ስም ከእኛ ትውፊት ነው። ሦስቱን አንድ አድርጎ «እንደሚታወቀው» ብሎ የሚጀምር ደብዳቤ የሊቁን ግማሽ ገጽ ለእርማት ይወስዳል፤ ዋናው ጥያቄ ሳይመለስ ይቀራል። ገንዘቡም የራሱን ይመሰክራል፦ መጀመሪያ ጨረቃና ክብ፣ በኋላ መስቀል።

ስትገለብጡ ፊደል አታርሙ። ሠ በሰ፣ ኀ በሐ ቢተካ አጻጻፉ ስለ ዘመኑ የሚናገረው ይጠፋል። መስመሩን እንዳለ ጠብቁ፤ የተሰበረውን ፊደል በቅንፍ አስገቡ፣ የገመታችሁትንም «ግምት» በሉት። የብራና መጽሐፍ ከሆነ የቤተ መጻሕፍቱን ቁጥር፣ ቅጠሉን፣ ፊቱን ወይም ጀርባውን፣ ዓምዱንና መስመሩን ጻፉ። ብራና በቅጠል ስለሚቆጠር «ገጽ 24» ማለት ሌላ ቦታ ይመራል።

ዓመት ስትጽፉ ዓ.ም. ወይም እ.ኤ.አ. ሳትሉ አትለፉ። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ከመስከረም 1 እስከ ታኅሣሥ መጨረሻ አካባቢ 7፣ ከዚያ በኋላ 8 ዓመት ነው፤ ወሩ ካልታወቀ ሁለቱንም ዓመት አስቀምጡ።

ደብዳቤ ምን ያህል እንደሚሠራ ያሳዩን ኢትዮጵያዊው መነኩሴ አባ ጎርጎርዮስና ጀርመናዊው ሊቅ ሂዮብ ሉዶልፍ ናቸው። በ1649 እ.ኤ.አ. ሮም ላይ ተዋውቀው፣ በ1652 ጎታ ከተማ አብረው ሠሩ፤ ከዚያም አባ ጎርጎርዮስ በ1658 እስኪሞቱ ድረስ ተጻጻፉ። በ1681 ከታተመው የሉዶልፍ የኢትዮጵያ ታሪክ ጀርባ የእኚህ መነኩሴ መልስ አለ። የሚገባውን ያህል ሲነገርላቸው አይሰማም፤ ይህ ያሳዝነኛል።

ለመሪጌታ ወይም ለሊቀ ሊቃውንት ስትጽፉ ማዕረጉን አትዝለሉ፣ በእርስዎ ጻፉ። ደብዳቤው ከአንድ ገጽ አይብለጥ። ወር ጠብቃችሁ መልስ ከሌለ ባጭሩ አንድ ጊዜ አስታውሱ። መልሱ እናንተን የሚቃወም ከሆነ መጀመሪያ ፎቶግራፉን እንደገና እዩ፣ ከዚያ ጻፉ። ሊቁ በግል ደብዳቤ የሰጠውን ግምት ሳታስፈቅዱ በጽሑፋችሁ አትጥቀሱ። የምትልኩት ፎቶግራፍ ላይም የጽሑፉን ቁጥርና ቀኑን ጻፉ፤ ከደብዳቤው ከተለየ የየትኛው ድንጋይ እንደሆነ የሚያውቅ አይኖርም።