«እናቴን ሳያማክሩኝ ጀመሩላት» ላልሽው

እህቴ፣ ጥያቄሽን ሁለቴ አነበብኩት። እዚህ አሜሪካ ነርሲንግ ሆም (የአረጋውያን መንከባከቢያ) ያሉት እናትሽ የመርሳት በሽታ አለባቸው፣ ሰሞኑን ቀኑን ሙሉ ያንቀላፋሉ፣ ስትጠይቂ «ሴሮክዌል ተጀምሮላቸዋል» አሉሽ፤ የአእምሮ ሕመም መድኃኒት ነው። ሳይነግሩኝ ይችላሉ ወይ ነው ያልሽው።

መጀመሪያ አንድ ነገር አጣሪ። እናትሽ ነገሩ የሚገባቸው ከሆነ እሺም እምቢም የሚሉት ራሳቸው ናቸው። ካልሆነ የጤና ውክልና ያለው ሰው ነው፤ ልጅ መሆን ብቻውን ላይበቃ ይችላል። ከሁለቱ ለአንዳቸው ግን ጥቅሙ፣ ጉዳቱና ሌላው አማራጭ አስቀድሞ ሊነገራቸው ይገባል፤ የፌዴራል ደንብ ነው። በወረቀት ማስፈረሙ እንደየስቴቱ ይለያያል።

እኔ እንዲህ ዓይነት ቤት ለዓመታት በነርስነት ሠርቻለሁ። እውነቱን ልንገርሽ፣ ፈቃድ የምንቀበለው በስልክ ነበር። «እናትዎ ትንሽ ተረብሸዋል፣ ዶክተሩ የሚያረጋጋ ነገር አዟል፣ ይስማማሉ?» ቤተሰብም «እናንተ ታውቃላችሁ» ይላል፣ አለቀ፣ ፋይሉ ላይ «ተስማምተዋል» ብዬ እጽፋለሁ። ስለ ማስጠንቀቂያው ትንፍሽ ያልኩበት ቀን ትዝ አይለኝም። የአሜሪካው መድኃኒት ተቆጣጣሪ ኤፍዲኤ እኮ በ2005 ነው ሴሮክዌልን በመሳሰሉ መድኃኒቶች ላይ ጠንካራውን ማስጠንቀቂያ ያስለጠፈው፦ የመርሳት በሽታ ያለባቸው አረጋውያን ላይ የመሞት አደጋን ይጨምራሉ። 10 ሳምንት ገደማ በቆዩ ጥናቶች መድኃኒቱን ከወሰዱት 4.5 በመቶ ያህሉ ሞተዋል፤ ባዶ ክኒን ከወሰዱት 2.6 በመቶ። አብዛኞቹ በልብ ወይም እንደ ሳንባ ምች ባለ ኢንፌክሽን። ይሄንን የሰማ ሰው «እናንተ ታውቃላችሁ» ይላል?

አንዳንዴ መድኃኒቱ በእርግጥ ያስፈልጋል፣ አልክድም፤ ሰው የሚያየውና የሚሰማው ሁሉ እያስፈራው ሲሰቃይ ዝም ብሎ ማየት ጭካኔ ነው። ግን ማታ ማታ የሚጮኹ አንዲት እናት ነበሩን። መድኃኒት ጀመርንላቸው፣ ዝም አሉ፣ እኛም ተገላገልን። ኋላ ሲመረመሩ ለካ የሽንት ኢንፌክሽን ነው።

ስለዚህ ስብሰባ ጠይቂና ቁጭ ብለሽ አናግሪያቸው። ለየትኛው ጠባይ ነው የታዘዘው? ሕመም፣ ኢንፌክሽን፣ የሆድ ድርቀት ታይቷል? ከክኒኑ በፊት ምን ተሞከረ? መቼ ነው መጠኑ የሚቀነሰው? «እንዲረጋጉ ነው» ካሉሽ መልስ አይደለም፣ እንደገና ጠይቂ። «እንደ አስፈላጊነቱ» ተብሎ የታዘዘ ከሆነ ደግሞ ገደቡ 14 ቀን ነው፤ ከዚያ በኋላ ሐኪሙ ራሱ አይቷቸው ካልሆነ አይታደስም። ፈቃድ ሰጥተሽ ከነበረም ማንሳት ትችያለሽ። ብቻ ተናደሽ «ዛሬውኑ አቁሙ» እንዳትዪ፣ ቀስ በቀስ ነው የሚወርደው።

ካስቸገሩሽ በየስቴቱ የነርሲንግ ሆም ነዋሪዎች እንባ ጠባቂ አለ፣ በነጻ ነው የሚያግዙሽ። አቲቫን የሚባለውን የጭንቀት ማስታገሻም ደርበው እየሰጧቸው እንደሆነ ዛሬውኑ ጠይቂ፤ እንቅልፉ ከእሱም ሊሆን ይችላል።