የመኖሪያ ሕንፃን ወደ ቢሮ ለመቀየር ከየት ልጀምር ለሚለው ጥያቄ

ጠያቂያችን እንደገለጹት፣ አንድ ድርጅት ከአርባ ዓመት በፊት ለመኖሪያ የተሠራ ባለ አምስት ፎቅ ሕንፃ ገዝቶ ዋና መሥሪያ ቤቱ ሊያደርገው አስቧል፤ ባለቤቶቹም ግድግዳው ሁሉ ተነሥቶ ክፍት የሆነ ዘመናዊ ቢሮ በሥዕል እንዲቀርብላቸው ይፈልጋሉ። እርስዎም የወለል ፕላኑን ከየት እንደሚጀምሩ ጠይቀዋል። የእኔ መልስ ከፕላን አይጀምሩ የሚል ነው። በእንዲህ ያለ ሥራ መቅደም ያለበት ሴክሽኑ፣ ማለትም ሕንፃው ከላይ እስከ ታች ተሰንጥቆ የሚታይበት ሥዕል ነው፤ ቤቱ ቢሮ መሆን መቻሉ የሚወሰነው በሶሌታና በሶሌታ፣ ማለትም በየፎቁ የኮንክሪት ወለሎች፣ መካከል ባለው ከፍታ ነውና።

ይህን የተማርኩት በራሴ ስሕተት ነው። ከዓመታት በፊት ተመሳሳይ ሥራ ይዤ ሳለ፣ የተረከብኩትን የቀድሞ ሥዕል አምኜ ሙሉውን ፕላን ከነጠረጴዛው ነድፌ ጨረስኩ። ሥዕሉ ከፎቅ ወደ ፎቅ ያለው ከፍታ 3 ሜትር፣ ሶሌታውን ከሥር የሚሸከመው አግዳሚ ቢም ደግሞ ሶሌታውን ጨምሮ 40 ሴንቲሜትር እንደሆነ ያሳያል። ኮርኒሱ ተቀድዶ መሰላል ላይ ወጥቼ በሜትር ስለካው ግን ቢሙ 55 ሴንቲሜትር ሆኖ ተገኘ፤ ከሥሩ እስከ ወለሉ የቀረው 2 ሜትር ከ45 ብቻ ነበር። የነደፍኩት ዳክት፣ ማለትም የአየር ማስተላለፊያ ቱቦ፣ ከነመጠቅለያው 35 ሴንቲሜትር፣ መብራቱና ኮርኒሱ 10 ሴንቲሜትር ስለሚወስዱ፣ ሠራተኞቹ ቀኑን ሙሉ የሚቀመጡት 2 ሜትር ከፍታ ባለው ጣሪያ ሥር ሊሆን ነው። የሁለት ወር ሥራ በአንድ ከሰዓት በኋላ ወደቀ።

ያዳነን አየር ማደስንና ክፍል ማቀዝቀዝን መለየታችን ነበር። ለአንድ ሰው በሰከንድ 10 ሊትር ገደማ ንጹሕ አየር ብዙ ጊዜ ይበቃል፤ ይህን ያህል አየር በጠባብ ዳክት ያልፋል። ትልቅ ዳክት የሚያስፈልገው ቅዝቃዜውንም በአየር ለማመላለስ ሲሞከር ነው፤ ውሃ ግን ያንኑ ሙቀት በቀጭን ቧንቧ ይወስደዋል። ስለዚህ 15 ሴንቲሜትር ጥልቀት ያለውን የንጹሕ አየር ዳክት በኮሪደሩ ላይ ብቻ አሳልፈን፣ ኮሪደሩን በ2 ሜትር ከ25 ዝቅ አድርገን፣ የሥራ ክፍሎቹን ያለ ኮርኒስ ተውናቸው። በቢሞቹ መካከል ከፍታው 2 ሜትር ከ80 ሆነ፤ ከዝቅተኛው ኮሪደር ወጥቶ ወደዚያ የሚገባ ሰው ክፍሉ ከእውነተኛ ልኩ የበለጠ ከፍ ብሎ ይታየዋል። እርቃኑን የቀረ ሶሌታ ግን ድምፅ ያስተጋባል፤ ድምፅ የሚመጥጡ ፓነሎችን በቢሞቹ መካከል በቁማቸው ካልሰቀሉ፣ የአንዱ ስልክ የሁሉም ስልክ ይሆናል።

ወደ መዋቅሩ ስንመጣ፣ ለመኖሪያ የተሠላ ወለል ለቢሮ ላይበቃ ይችላል። በአውሮፓ ደንብ ለመኖሪያ ወለል የሚታሰበው ጭነት በካሬ ሜትር ከ1.5 እስከ 2 ኪሎ ኒውተን (አንዱ የ100 ኪሎ ግራም ክብደት ያህል ነው)፣ ለቢሮ ከ2 እስከ 3፣ ለመጋዘንና ለመዝገብ ማከማቻ ግን 7.5 ነው። ስለዚህ መዝገብ ቤቱን ከወዲሁ ምድር ወለል ላይ ያድርጉት። ከኮለኖቹ (ከምሰሶዎቹ) እና ከቢሞቹም ናሙና ይውሰዱ፤ አዲስ በተሰበረው ገጽ ላይ ፊኖልፍታሌይን የተባለ መመርመሪያ ፈሳሽ ሲረጭ ጤነኛው ኮንክሪት ወደ ደማቅ ሮዝ ይለወጣል፣ በአየር ውስጥ ባለው ካርቦን ዳይኦክሳይድ የተጠቃው ግን እንደነበረ ይቀራል። ቀለም ያልያዘው ክፍል ፌሮው ድረስ ከዘለቀ፣ ዝገቱ የሚጠብቀው እርጥበትን ብቻ ነው። በዚያ ዘመን በተሠሩ ሕንፃዎች ብናኙ ሳንባን የሚጎዳ አስቤስቶስ ሊኖር ስለሚችል፣ ማፍረስ ከመጀመሩ በፊት ይህም ይመርመር።

ባለቤቶቹ ግድግዳው ሁሉ ይነሣ ማለታቸው በጣም ያሳስበኛል። የብሎኬት ግድግዳ በሥሌቱ ጭነት ተሸካሚ ባይባልም ሕንፃው በጎን እንዳይወዛወዝ ያግዛል። የምድር ወለሉ ብቻ ለእንግዳ መቀበያ ተብሎ ባዶ ሲደረግና ከላይ ያሉት ፎቆች ግድግዳቸውን ይዘው ሲቀሩ፣ የመሬት መንቀጥቀጥ ጉልበት ሁሉ በዚያ በደከመው ፎቅ ኮለኖች ላይ ያርፋል። የትኛው ግድግዳ እንደሚነሣ መዋቅር መሐንዲሱ ሳይፈርም አንድም ብሎኬት አይነካ።

የመኖሪያ ሕንፃ ስፋቱ ጠባብ ስለሚሆን የቀን ብርሃን ብዙ አያስቸግርዎትም። ጠቃሚ ብርሃን ወደ ውስጥ የሚዘልቀው ከመስኮቱ የላይኛው ጠርዝ ከፍታ ሁለት ወይም ሁለት እጥፍ ተኩል ያህል ነውና፣ ጠርዙ 2 ሜትር ከ20 ላይ ከሆነ ጠረጴዛዎቹን ከመስኮቱ እስከ 5 ሜትር ድረስ ይደርድሩ፤ የስብሰባ ክፍሉና ማተሚያው ወደ መሐል ይግቡ። የድሮዎቹ መታጠቢያ ክፍሎች አንዱ በሌላው ላይ የተደራረቡ ስለሆኑ ቧንቧቸውን አይልቀቁ። አራት ሰው ይኖርበት የነበረ 100 ካሬ ሜትር አሥር ሠራተኛ ሊይዝ ስለሚችል ግን፣ የደረጃውን ስፋትና የሁለተኛውን መውጫ ነገር እንደገና ያስሉ።

ባለቤቶቹ «ከዚህ ሁሉ ጣጣ አፍርሰን ብንሠራስ» ማለታቸው አይቀርም። በሲድኒ ያለውን ኳይ ኳርተር ታወር ያሳዩአቸው፤ እ.ኤ.አ. በ1976 የተሠራው ሰማይ ጠቀስ ሕንፃ በ2022 አዲስ ሆኖ ሲጠናቀቅ ከቢሞቹ፣ ከኮለኖቹና ከሶሌታዎቹ 65 በመቶ ገደማው፣ ሊፍትና ደረጃ ከሚይዘው መካከለኛ ኮር 95 በመቶ ገደማው ሳይፈርስ ቀርቷል። አሮጌው ኮንክሪት መኮማተሩን ከጨረሰ ቆይቷል፣ አጠገቡ የሚፈሰው አዲሱ ግን ገና ይኮማተራል፤ እርስዎም ተጨማሪ ክፍል ካስጠጉ መጋጠሚያው ይህን እንዲችል መነደፍ አለበት።

ሥዕሉን በተመለከተ፣ እኔ አሁን ከሥዕል በፊት የማደርገው ሌላ ነገር አለ። በየፎቁ ሦስት ቦታ ኮርኒሱን አስከፍቼ እለካለሁ፤ ከዚያ ኮርኒሱ በሚያርፍበት ከፍታ ላይ ከኮለን ወደ ኮለን ሲባጎ እወጥርና ባለቤቶቹን ከሥሩ አቆማቸዋለሁ። ባለፈው ጊዜ ከመካከላቸው ረጅሙ ሰውዬ ቀና ብሎ ሲባጎውን አየ፣ እጁን አንሥቶ ነካውና «ኮርኒሱ ይቅርብን» አለ።